ላደረሰኝ ትሁን

በአንድ ወቅት፣ የሚሌ ሙቀት ሰውንም ብረትንም በሚያስጨንቅበት ወር፣ ሦስት ወንድማማቾች የታመመች እናታቸውን ደሴ ሐኪም ቤት ለማድረስ በጋራ ፒካፓቸው ይዘው ተነሡ። እናታቸው ዘሀራ ኋላ ወንበር ላይ ተጋድማለች። ልጆቿ በዚህች መኪና ሲጣሉ መኖራቸውን ታውቃለችና፣ «ላደረሰኝ ትሁን» አለች። ሦስቱም ሰሙ።

ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ ጉልበት አጣች። ታላቅየው ይመር ሹፌር ነው፤ የቆላ ሹፌር ደግሞ መኪና ሲታመምበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሙቀትን ነው። «ነዳጁ ጋለ» ብሎ፣ እንደ ልማዱ ጆንያ ነክሮ የነዳጅ ፖምፓው ላይ ጠመጠመ። መኪናዋ ነፍስ ዘራች። ጥቂት ሄዳ ደከመች፤ እንደገና ነከረ። እንዲህ እያባበለ ባቲ አደረሳቸው። ለእናታቸው የያዙት ውኃም በዚሁ አለቀ።

መካከለኛው ሙሄ ጋራዥ ይሠራል፤ ባቲ ላይ የመመርመሪያ ማሽኑን ሰካ። ማሽኑ የነዳጁን ሙቀት ከዜሮ በታች አርባ ነው አለ፤ በዚያ ሐሩር! ሙሄ ሳቀ፤ ያን ቀን የሳቀ እሱ ብቻ ነው። «ነዳጁ አልጋለም፤ የሙቀት ሴንሰሩ ነው የሚዋሸው» ብሎ አዲስ ሴንሰር ፍለጋ ባቲን ሱቅ ለሱቅ አዳረሰ። አግኝቶ ቀየረ። ቁጥሩ ግን ያው ነበር። እናታቸው መተንፈስ እየከበዳት ሄደ።

ትንሹ እንድሪስ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጠዋት ሲነሡ «ገመዷን ልያት» ቢል፣ ይመር «አንተ አትንካት» ስላለው አኩርፎ፣ ከእናቱ ራስጌ ተቀምጦ ቃል ሳይተነፍስ ውሏል። በእነሱ ቤት ኩርፊያ ካልለመኑት አይፈታም። የለመነችው እናቱ ናት፦

«ኩርፊያህን ለነገ አቆይልኝ፣ ልጄ።»

ወረደ። የሴንሰሩን ሶኬት ሲነቅለው ውስጡን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፤ ገመዱ ከጫፉ ተበጥሷል። የድሮው ሴንሰርም አልዋሸም፤ ቃሉን የሚያደርስለት ነው ያጣው። ጆንያው በተነከረ ቁጥር ውኃው የተበጠሰውን ለጊዜው ያገናኘው ነበር፤ ዝገቱን ያመጣው ደግሞ ለዓመታት የተጠመጠመው ያው እርጥብ ጆንያ ነው። እንድሪስ የዛገውን ቆርጦ ገመዱን ቀጠለ። መኪናዋ የደሴን ዳገት አንዴም ሳትቆም ወጣች።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሞተሩን ሲያጠፉ የእናታቸው ትንፋሽ ቀድሞ ቆሞ ነበር። ሐኪሙ መቼ እንደተነሡ ጠየቀ፤ «ጠዋት» አሉት።

ዛሬ መኪናዋ ምንም ሳይጎድላት ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ ይተነፍሳል። የኔ ናት ሲባባሉ የኖሩት አሁን ያንተ ናት ይባባላሉ። ያለ ይመር ጆንያ ባቲን ባላዩ፤ ጆንያው ባይኖር ግን ሶኬቱም ባልዛገ። ያለ ሙሄ ማሽን ሕመሙ የቱ ጋ እንዳለ ባላወቁ፤ ቀኑን የበላው ግን የሙሄ ፍለጋ ነው። መኪናዋን ያዳናት እንድሪስ ነው፤ እያወቀ ዝም ያለውም እሱ ነው። እኔ ለአንዱ ልፍረድ ባልኩ ቁጥር ሌላው ይታየኛል። እናንተ ግን ሰምታችኋል፤ እናትየዋ ያለችው «ላደረሰኝ» ነው። ቁልፉ ለማን ይገባል?