ክንፍ እስኪያወጣ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ለዚህ ጉባኤ የማሳውቀው ከባድ ነገር አለ። እባካችሁ ተረጋጉ። አንዲት የእሳት እራት ተወልዳለች። የአውራ ጣት ጥፍር አታክልም። የተወለደችው በማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ነው።

ሳቃችሁ። ግድ የለም፣ ሳቁ።

አንድ ሰው ነበረ። የተክል ጥበቃ ባለሙያ። ሞተር ሳይክሉ ዳገት ላይ የምትሞትበት፣ እሱም ከሰው ጋር መከራከር የታከተው ሰው። ቆላ ውስጥ ካለች አንዲት መንደር ጠሩት። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሽፈራው ዛፎች ትል ራቁታቸውን አስቀርቷቸው ነበር። ሽፈራው ደግሞ እዚያ አገር ጥላ ብቻ አይደለም። ቅጠሉ ለግፊት፣ ቅጠሉ ለስኳር፣ ቅጠሉ ለአራስ።

ከሞተሩ ሳይወርድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከበቡት።

"ከየት እንደመጣብን ደርሰንበታል" አሉት ሰብሳቢው አቶ ኦይቻ። "ከአጥር ወዲያ ካለው ከዶርቃ ዛፍ ነው። አንተ ብቻ አረጋግጥልንና እንቆርጠዋለን።"

እማማ ዶርቃ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ለግፊታቸው ከዚያ ዛፍ ቅጠል ሌላ የሌላቸው ሴት ናቸው። በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ምን አደረግኋችሁ? የግቢያችሁ ቅጠል ሲያልቅ ከእኔው አይደል የቀጠፋችሁት?"

ባለሙያው ከሁለቱም ግቢ ትል ለቀመና በሁለት ብልቃጥ ለየብቻ አስቀመጠ። አፋቸውን በሻሽ አሰረ።

"ትል ሳለ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም ቅጠል ይበላል" አላቸው። "የትኛው አጥፊ እንደሆነ የሚለየው ሲያድግ ነው። ክንፍ እስኪያወጣ ጠብቁኝ።"

"ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ትል ለማሳደግ ነው?" አለ አንዱ። ሳቁ።

"ጠብቁ ነው ያልኩት።"

ጠበቁ? እናንተ ብትሆኑ ትጠብቁ ነበር?

ሰውየው በየጠዋቱ ለትሎቹ ትኩስ ቅጠል ሲያቀርብ ሰነበተ። የቢሮ ባልደረቦቹ "ልጆችህ እንዴት አደሩ?" ይሉታል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ብልቃጥ ያቺ የእሳት እራት ወጣች። አጥፊዋ እሷ ናት። ከእማማ ዶርቃ ብልቃጥ የወጣችው ነጭ ቢራቢሮ ግን ዛፍ አትጎዳም። ሁለቱን ብልቃጥ ሞተሩ ላይ አስሮ በረረ።

ሲደርስ የእማማ ዶርቃ ዛፍ መሬት ላይ ተጋድሟል።

"ጸልየን ነው የቆረጥነው" አሉ አቶ ኦይቻ።

ብልቃጦቹን አጥሩ ላይ ደረደራቸው። "አጥፊዋ ይቺ ናት።"

"ከማን ግቢ የተገኘችው?"

"ከእናንተ።"

ከዚያ አቶ ኦይቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እንግዲህ ዛፍ ነው፣ ይበቅላል" አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር መናገር እኔንም ደክሞኛል። ዛሬ አሜን ትላላችሁ፣ ነገ መጥረቢያ ትስላላችሁ። አዲሷን ምራት ገና በር ላይ ሳለች "ይቺማ ቤት አትሠራም" ያላችሁ እናንተ አይደላችሁም? የጎረቤትን ልጅ ለጠፋ ዶሮ ሁሉ የጠረጠራችሁ? ክንፍ እስኪያወጣ ማን ጠበቀው? ጸልያችሁ ነው የቆረጣችሁት፣ አውቃለሁ። ግን ከራሳችሁ ግቢ አንዲት ትል እንኳ ለቅማችሁ ብልቃጥ ውስጥ አይታችኋል?

ሰውየው ያን ዕለት አልተቆጣም። ከወደቀው ዛፍ ቅርንጫፎች ቆራረጠ፤ ሽፈራው ከቅርንጫፉ ይጸድቃል። አንዱን በእማማ ዶርቃ ደጅ ተከለ። ሌላውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባና ሽማግሌዎቹ ሁልጊዜ በሚያልፉበት መንገድ መሃል ጉድጓድ መማስ ጀመረ።

"ኧረ እዚህ ጋ! መተላለፊያችን እኮ ነው!" አሉ አቶ ኦይቻ። "ምን ማለትህ ነው? የተማርክ ሰው አይደለህ፣ አስረዳን እንጂ!"

"አላስረዳም" አለ ሰውየው፣ አፈሩን በእግሩ እየጠቀጠቀ።