የጠፋው ምስጢር ምልክት

ጧፍ እየሠራች የምትተዳደር አንዲት ባልቴት ነበረች አሉ። ጧፏ አይጨስም፣ አይንጠባጠብም። ሰሙ የሚጣራበትን ዘዴ አባቷ በትንሽ ደብተር ጽፎ ትቶላት ነበርና፣ ደብተሩን ከመቀነቷ ለይታው አታውቅም።

የከተማው ትልቁ ጧፍ ነጋዴ ባላምባራስ እንግዳሸት ገበያው ወደ እሷ ሲያጋድልባቸው ጊዜ «የሥራ ምስጢሬን ሰረቀችኝ» ብለው ከሰሷት። ችሎት ፊትም ካባቸውን እያስተካከሉ፣

«ጌታዬ ዳኛ፣ ደብተሯን ታስረክበኝ። አንብቤ የእኔ መሆኑን አረጋግጣለሁ» አሉ።

ሴትዮዋ ደነገጠች። አንድ ጊዜ ካነበቡት፣ ቢረቱም ባይረቱም ምስጢሩ የእሳቸው ሆኖ መቅረቱ ነው።

«ምን ትያለሽ?» አሏት ዳኛው።

«እሰጣለሁ ጌታዬ። ግን በአገራችን በቅሎ የጠፋችበት ሰው፣ የተገኘችውን ከማየቱ በፊት ምልክቷን ይናገራል። ባላምባራስም የጠፋባቸውን ምስጢር ምልክት አስቀድመው ይናገሩ።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ምስጢር እኮ ነው!» ብለው ጮኹ ባላምባራስ።

«እንግዲያው በዳኛው ጆሮ ያንሾካሹኩ።»

ዳኛው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ባላምባራስ ተጠጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ በመጨረሻም አንድ ነገር አንሾካሾኩ።

«ሰሙ መጀመሪያ ይቀልጣል?» አሉ ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይህንንማ እኔም አውቃለሁ! ደብተሩ እዚያው መቀነቷ ውስጥ ይቆይ።»

ባልቴቲቱ እጅ ነሥታ ስትወጣ ወደ ከሳሿ ዞር አለች።

«አይዞዎት ባላምባራስ፣ በቅሎስ አልጠፋችብዎትም፤ የእኔዋ አምራዎት ነው።»