የአመዱ ድልድይ

«አንድ ግንበኛ ነበረ» አሉ መምሬ ላቀው፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ እየሰበሰቡ። ደክሟቸዋል። ከማለዳ ጀምሮ የተጣላ ሲያስታርቁ ነው የዋሉት። አሁን ፊታቸው ከተቀመጠችው ከይታይሽ በፊት ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተሟግተው፣ ሳይስማሙ ወጥተዋል።

ይታይሽ የመጣችው ስለ ልጇ ስለ ታፈረ ልትጠይቅ ነው። ታፈረ አረቄ ያበላሸው ልጅ ነው። ጠበል ከርሞ፣ መጠጡን ትቷል ተብሎ ተመለሰ። እናቱም ደስታዋን አልቻለችውምና በመጣ በሳምንቱ የሱቋን ቁልፍ አስጨበጠችው፤ ገንዘብ አሲዛም ዕቃ እንዲገዛ ገበያ ላከችው። ባዶ እጁን፣ ያውም ሰክሮ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያድረው ከደጅ፣ ከእንጨት ማስቀመጫው ነው።

«እንግዲህ መምሬ፣ ተቃጥሎ አመድ የሆነ ሰው ምን ይጠቅማል? ዛሬውኑ ከግቢዬ ላስወጣው ወይስ ምን ይሻለኛል?» ነበር ያለችው። «የኔ እጅ እንደሁ አመድ አፋሽ ነው።»

«አመድ ካነሣሽ አይቀር ስሚኝ» አሏት። «ረዥም የማወራበት አቅም የለኝም፤ አታቋርጪኝ።

«ግንበኛው የሚኖረው ሩዝ በሚበቅልበት ሜዳ አገር ነው። መንደሩን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ክረምት ሲገባ ከማዶ ያለ ሰው ወዲህ አይሻገርም፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ወዲህ ነው። በአንዱ ክረምት አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟት በቃሬዛ አመጧት። ወንዙ ሞልቷል። ይጎድል ይሆን ብለው ዳር ላይ ሲጠብቁ፣ እዚያው ሞተችባቸው። እናቷ ባልቴት ናት፤ ሌላ ልጅ የላትም። ይኼኔ አገሬው ‹ድልድይ ሳንሠራ ሌላ ክረምት አይግባብን› ብሎ አዋጣ።

«የድሃ መዋጮ ታውቂያለሽ። ፌሮው በመከራ ተገዛ። አሸዋና ጠጠሩ ከወንዙ ወጣ። ሲሚንቶው ግን አልበቃም። ግንበኛው ይህን ሲያይ ወደ ሩዝ መፈተጊያው ሄደ። እዚያ ደጃፍ የሩዝ ገለፈት ተቆልሎ ጣራውን ሊያክል ምንም አልቀረው። ከብት አይበላው። ሲያቃጥሉት ጭሱ ልጆቹን ያስላል፤ ወንዝ ሲጥሉት ውሃውን ያበላሻል። ያንን ማንም የማይፈልገውን ነገር ወሰደና ቀስ አድርጎ አነደደው። ጥቁሩ አልቆ ነጣ እስኪል ጠበቀው፤ ከዚያ ፈጭቶ በወንፊት ነፋው። ‹ከአምስት እጅ ሲሚንቶ አንዱን እጅ በዚህ እንተካለን፤ ያን ጊዜ ይበቃናል› አላቸው።

«ሰዉ ሳቀበት። ‹አመድ በዱቄት ይስቃል ሲባል ሰምተናል፤ በሲሚንቶ ሲስቅ ግን ገና ዛሬ ማየታችን ነው!› አሉት። እሱ ተቆጪ ሰው አልነበረም፤ እኔ ብሆን እቆጣ ነበር። ‹ሲሚንቶውስ ምን መሰላችሁ? እሱም ተቃጥሎ የተፈጨ ድንጋይ ነው› አላቸው። ‹ይኼ አመድ ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ይይዛል፤ ኋላም ይጠነክራል። አንድ ዐመል ብቻ አለበት፤ ይዘገያል። ሌላው ኮንክሪት ከሚቆይበት እጥፍ ጊዜ የእንጨት ድጋፉ ከሥሩ አይነሣ፤ ውሃም አይጓደልበት።›

«እሺ አሉ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

«ድልድዩ መካከሉ ላይ ምሰሶ ቆሞለት፣ ወዲህኛውም ወዲያኛውም ወገን በአንድ ቀን ኮንክሪት ተሞላ። ያው አሸዋ፣ ያው አመድ፣ ያው እጅ ነው የሠራው። ከሥሩ የደገፈው ባህር ዛፍ የአንድ ባለጠጋ ነበር፤ የሩዝ መፈተጊያው ባለቤት ነው። ወድዶ አዋሳቸው፤ በዚህስ አልወቅሰውም። ባልቴቲቱ ደግሞ በየማለዳው በጀሪካን ከወንዙ እየቀዳች፣ ድልድዩን በሸፈነው ጆንያ ላይ ውሃ ታፈስ ጀመር። ማንም አላዘዛትም።

«እስቲ ያን ውሃ አቀብዪኝ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

ይታይሽ ጣሳውን አቀበለቻቸው። ተጎንጭተው መልሰው ሰጧት።

«ግንበኛው ሥራ አግኝቶ ሌላ አገር ሄደ። ሌላ ኮንክሪት ቢሆን ድጋፉ በሚነሣበት ጊዜ፣ ባለጠጋው ሰዎቹን አስከትሎ መጣ። ‹የኔ እንጨት እዚህ ተገትሮ የኔ ቤት ሥራ ቆሟል› አለ። ጆንያውን ገለጥ አደረገና በተረከዙ ድልድዩን መታ መታ አደረገው። ‹ይኸው፣ ድንጋይ ሆኗል!› አለ። የቆመውም ሰው አየና ‹እውነትም ደርቋል› አለ። ላዩን ላየው ደርቋል። እናም የወዲህኛውን ወገን ድጋፍ በመዶሻ አስመትቶ አወጣው። አልወደቀም። ‹አላልኳችሁም?› አለ።

«ወደ ወዲያኛው ወገን ሲያልፉ፣ ባልቴቲቱ ጀሪካኗን አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ከድልድዩ ሥር ገባች። ከድጋፎቹ መካከል ተቀመጠች። ‹እማማ፣ ኧረ ይውጡ! ምን ሆነዋል?› አሏት። ‹ምቱት› አለች። ‹ደርቋል አላላችሁም? ከደረቀ እኔን ምን ይነካኛል? ምቱት!›

«መዶሻ የያዘው ሰውዬ ባለጠጋውን አየው። ባለጠጋው መሬት መሬቱን አየ። ቅድም ደርቋል ብሎ የማለው ሁሉ፣ አንዲት አሮጊት ከሥሩ ስትቀመጥ እጁ አልታዘዝ አለው። ጥለዋት ሄዱ።

«ባለጠጋው ግን ነገሩ ከነከነው። ልክ መሆኑን ሊያሳይ የፈረስ ጋሪ ሩዝ አስጭኖ ድጋፉ በተነሣበት በወዲህኛው ወገን ላይ አስነዳው። ጋሪው ከምሰሶው ሳይደርስ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ድልድዩ ተሰነጠቀ፤ መካከሉ ጎበጠ። ፈረሱን በስንት መከራ ፈትተው አወጡት። ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ቸኮልን› ያለ የለም። ‹ድሮስ ከአመድ ምን ይጠበቃል!› አሉ። ግንበኛውን በሌለበት ረገሙት።

«ግንበኛው ተመለሰ። ወዲያኛው ወገን ጊዜው እስኪሞላ ጠበቀና ድጋፉን በገዛ እጁ አነሣው። ያን የጋሪውን ሩዝ ተሸክመው ቆለሉበት፤ ሌላም ጨመሩበት። ንቅንቅ አላለም። ያው አመድ ነው እኮ!»

ይታይሽ ያለቀ መስሏት መቀነቷን ስታጠባብቅ፣ መምሬ ላቀው ቀና ብለው አዩዋት።

«እንግዲህ ልጄ፣ አመዱ ልጅሽ ነው። ከጠበል ሲመጣ ላዩን ደርቆ ነበር። አንቺም በተረከዝሽ መታ መታ አደረግሽና ‹ድኗል› አልሽ። ከአጠገቡ ሆነሽ እንደመደገፍ፣ በሳምንቱ ጋሪ ጫንሽበት። ጎበጠ። አሁን ደግሞ ከደጄ ቁጭ ብለሽ ‹ድሮስ ከአመድ› ትያለሽ።»

ይታይሽ እንባዋ መጣ። «ቢሆንም መምሬ፣ ተሰንጥቋል እኮ! ተሰንጥቋል። ያ የተሰነጠቀው ወገንስ ምን ሆነ?»

«አፈረሱት። ፍርስራሹን እዚያው ከመሠረቱ ጠቀጠቁት፤ እንደምንም አዋጥተው ሲሚንቶ ገዙና ያንኑ አመድ ቀላቅለው እንደገና ሞሉት። ሌላ ከየት ያምጡ? ባለጠጋው እንጨቱን መለሰ፤ አፍሮ ይሁን ሩዙን ለማሻገር ብሎ፣ አላውቅም። ባልቴቲቱም ጀሪካኗን አነሣች፤ እንደ አዲስ። ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። በዚያው ክረምት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሻገረችበት። በደኅና ተገላገለች።»

«ባልቴቲቱንስ አመሰገኗት?»

«ማን ያመሰግናታል? ድልድዩን የሠራው ግንበኛው፣ እንጨቱን የሰጠው ባለጠጋው ነው ተባለ። ውሃ ማን ያስታውሳል? እጄ አመድ አፋሽ ነው ያልሽው እውነትሽን ነው። ምስጋና ጠብቀሽ ከሆነ ከአሁኑ ተዪው።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምሆነው መምሬ? ደከመኝ እኮ።»

«እኔም ደክሞኛል» አሉ መምሬ ላቀው፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እስከ መቼ እንደሆነ ባውቅ እነግርሽ ነበር። ልታስወጪው ትችያለሽ፤ ቤቱ ያንቺ ነው። ግን ድጋፉን ስትመቺ ከሥሩ የተቀመጥሽው ራስሽ ነሽ። የትም ሄዶ ቢወድቅ የሚወድቀው አንቺው ላይ ነው። ይህን ደግሞ ታውቂያለሽ፤ ባታውቂ ኖሮ እዚህ ድረስ አትመጪም ነበር። በይ ተነሺ፣ ሳይመሽ ግቢ። ከደጅ አስገቢውና እራቱን ስጪው። የሱቁን ቁልፍ ግን ካንገትሽ እንዳታወልቂ፤ እሱ ገና ነው።»