«ዝቅ ብለህ ጀምር»

ሻሸመኔ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በመንገድ ጨርሰው፣ ከሚስታቸው ከወይዘሮ ዘነበች ጋር አረፍ ሊሉ ቤት ገቡ። በገቡ በዓመቱ ሚስታቸውን የመርሳት በሽታ ያዛቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር መደጋገም ነበር። ቀጥሎ መንገድ መሳት መጣ። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘነበች ባላቸውን ረሱ። ቀኑ ሊመሽ ሲል ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ። ባለቤቴ ከመንገድ ይመጣል፤ ራት አልሠራሁም» ይላሉ።

እስቲ አስቡት። ይህን የሚሉት ለማን ነው? ለባላቸው!

ሰውየው ይከራከራሉ። የሠርጋቸውን ፎቶ ያመጣሉ። ባልሽ እኔ ነኝ እያሉ ይምላሉ። በማሉ ቁጥር ሚስታቸው ይበልጥ ይፈራሉ። ገላቸውን ላጥብ ሲሏቸው ይማታሉ፣ ይቧጭራሉ። እንቅልፍም ከቤቱ ጠፋ። አንድ ቀን ሰውየው ትዕግሥታቸው አለቀና የሚስታቸውን እጅ ጨምቀው ያዙ። ሲለቁት የጣታቸው ምልክት ቀርቶ አዩ። ጓሮ ወጥተው አለቀሱ።

ክሊኒክ ሄደው ይህንኑ ሳይደብቁ ለነርሷ ነገሯት። ነርሷም ሚስታቸው በወጣትነታቸው ምን ይወዱ እንደነበር ጠየቀቻቸው። ሃያ ዓመት መዘምራንን መርታለች አሉ። እንግዲያው ሲያጥቧቸውና ከመኝታ በፊት ያንኑ በዝግታ ይዘምሩላቸው፤ በሽታውን አያድንም፣ ግን ሊያረጋጋቸው ይችላል አለቻቸው።

ሰውየው ድምፅ የላቸውም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከንፈራቸውን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። ቢሆንም በማግስቱ ለብ ያለ ውኃ አቅርበው፣ እያፈሩ፣ አንድ የድሮ መዝሙር ጀመሩ።

ወይዘሮ ዘነበች ለመማታት ያነሡትን እጅ እንዳነሡት ቀሩ። አዳመጡ። ከዚያ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«እንደሱ አይደለም። ዝቅ ብለህ ጀምር።»

መዝሙሩን ራሳቸው አነሡት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳይስቱ! ሰውየው እየተከተሉ የሚስታቸውን እግር አጠቡ። ያን ቀን ወይዘሮ ዘነበች በጊዜ ተኝተው ሳይነቁ ነጋ።

ሁሉ ቀን እንዲህ አልሆነም። የሚማቱበትም ቀን አለ። የባላቸው ስም አልተመለሰላቸውም። ግን ጭንቀቱ ቀነሰ፣ እንቅልፉ መጣ፣ ሰውየውም በሰባ ሁለት ዓመታቸው መዘመር ተማሩ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ቤታችሁ የሚረሳ ሰው የለም? እናቱን «እስቲ እኔ ማን ነኝ?» እያለ የሚፈትን ከመካከላችን የለም? ስትሳሳትስ የሚቆጣ?

ፈተናውን ተዉት። እኛ እግዚአብሔርን በረሳን ጊዜ ተቀምጦ አልጠየቀንም፤ ወዳለንበት መጣ። እናንተም እነሱ ወዳሉበት ሂዱ። ዛሬ ቤት ስትገቡ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። እጃቸውን ያዙ። በወጣትነታቸው የሚወዱትን ዜማ ቀስ ብላችሁ አንሡላቸው። ስማችሁን ባይጠሩ አይክፋችሁ።

አብረዋችሁ ከዘመሩ፣ አግኝታችኋቸዋል።