አላገናኝም ያለችው ሴት

ወገኖቼ፣ አንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበረች። ልጅ የጠፋባቸውን እናቶች ስትረዳ የኖረች ናት። ኋላ ዶክትሬት ልማር ብላ ገባች፤ የመመረቂያ ጽሑፏንም በእነዚሁ እናቶች ላይ ጀመረች። ጎበዝ ናት፣ በሥራዋ አትታማም።

ችግሩ ሰናይት ናት። ሰናይት የቢሮም የትምህርትም ጓደኛዋ ስትሆን የምታጠናው ጠፍተው ተገኝተው ማቆያ ውስጥ ያሉ ሕፃናትን ነው። አማካሪያቸው "እንደ ሰናይት ጻፉ" ባለ ቁጥር ሴትዮዋ ፈገግ ትላለች፤ ሆዷ ግን እርር ይላል። ከላይ ጥርስ፣ ከውስጥ እሳት! አትሳቁ፣ ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን ሰናይት መጣች።

"እባክሽ እህቴ፣ ከእናቶቹ ጋር አገናኚኝ። የሚያምኑት አንቺን ነው፤ ብቻዬን ብሄድ ማን ያናግረኛል?"

"አዲስ ሰው አይፈልጉም" አለቻት።

ጠይቃቸው ነው? ኧረ የት! አንዷንም አልጠየቀችም።

ዓመት አለፈ። ሰናይት ቀድማ ጨረሰችና ፈታኞች ፊት ቆመች። ሴትዮዋ ኋላ ተቀምጣ "ምነው አንዴ እንኳ በተሳሳተች" ትላለች በልቧ። ሰናይት ስለ አንዲት ሕፃን ትናገራለች፤ በጥናት ደንብ ስሟ አይጠራም።

"አውቶቡስ ተራ ነው የጠፋችው። መጀመሪያ ስትመጣ 'እማዬ በግራ እጇ ሁለት ጣት የላትም' ትለኝ ነበር። አሁን ግን እናቷን መጥራቱንም ትታዋለች።"

ሴትዮዋ ክው አለች። ከምትረዳቸው እናቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ውዳላት! ስንቴ አጠገቧ ተቀምጣ፣ በዚያች ጣት በጎደላት እጇ እንባዋን ስትጠርግ አይታታለች!

ጥያቄ ሲፈቀድ ተነሳች። ሰው ሁሉ ልትሞግት መስሎታል።

"እናቷን አውቃታለሁ" አለች። "ሰናይት አገናኚኝ ስትለኝ ዋሽቼ ከለከልኳት። ቀንቼባት ነው።"

እናትና ልጅ ተገናኙ። ደስ ይላል አይደል? ቆዩማ! ውዳላት እጇን ዘርግታ ስትሮጥ ልጅቷ በሞግዚቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። እናቷን ረስታት ነበር።

እስቲ ንገሩኝ፣ ሴትዮዋ የቀናችው በማን ነበር? በሰናይት። የተጎዳውስ ማን ነው? ሰናይትማ ተመረቀች!

እናንተስ? ለእገሌ እንዳይሳካለት ብላችሁ ያልደወላችሁት ስልክ የለም? "አላውቅም" ብላችሁ የመለሳችሁት የምታውቁት ነገር የለም? ከእገሌ ኋላ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው አይታችሁታል?

ዛሬውኑ ሂዱና "አውቃለሁ" በሉ። ልጅቷ እናቷን መጥራት ሳትተው በፊት።