በሰላምታ ያለቀ ስልክ

አንዲት እናት ኮምቦልቻ ውስጥ ትኖር ነበር። ልጇ እቴነሽ ኩዌት በሰው ቤት ትሠራለች። አርብ አርብ በኢሞ ትደውል ነበር። አንድ አርብ ሳትደውል ቀረች። የሚቀጥለውም አርብ በዝምታ አለፈ።

እናቶች፣ ያን ዝምታ ታውቁታላችሁ? ሰዎች ኔትወርክ ነው ይሏችኋል። እናንተ ግን የምታስቡትን ታስባላችሁ።

የእቴነሽ ስልክ አይነሳም፤ ከእሱ ሌላ በእናትየዋ እጅ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ማሪሴል የምትባል፣ ከእቴነሽ ጋር በአንድ ቤት የምትሠራ የፊሊፒንስ ሴት ቁጥር ነው። ማሪሴል አማርኛ አታውቅም፤ እናትየዋም ከአማርኛ ሌላ አታውቅም።

ጎረቤቷ ሉባባ ከኩዌት የተመለሰች ናት። እዚያ ከፊሊፒንሶች ጋር ኖራ ቋንቋቸውን፣ ታጋሎግን፣ ለምዳለች።

«እኔ ልጠይቅልዎት፣ እትዬ» አለቻት።

«አይሆንም። ቀድመሽ ከሰማሽ ትደብቂኛለሽ። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን ሁሉ ይዘሽ በሬን ታንኳኪያለሽ። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ መች አጣሁት? በራሴ አፍ ነው የምጠይቃት። አስተምሪኝ።»

ሉባባ አስተማረቻት። አኮ፣ እኔ። ኢካው፣ አንቺ። ሲያ፣ እሱም እሷም። «ግን ኢካው እንዳይሏት። ካዮ ይበሏት፣ እኛ አንቱ እንደምንለው ነው። ፖ የምትለዋንም አይርሱ፣ አክብሮት ናት።»

«በዕድሜ ልጄ አይደለችም እንዴ?»

«ብትሆንም። ከልጅዎ ጋር ያለችው እሷ ናት።»

ሴትየዋ ልብስ እያጠበች «ኩሙስታ ፖ ካዮ» ትላለች። እንደምን አሉ ማለት ነው። ባሏ «ዛሬም ዶሮ እየጠራሽ ነው?» ይላትና ፊቱን ያዞራል። «ልጄ የት ናት» የሚለውንም ተማረች። እሱን ስትለው ግን ድምፅዋ አይወጣም ነበር።

ብቻዋን ሆና ደወለች። ማሪሴል እንደተደበቀ ሰው በሹክሹክታ አነሳች።

«ኩሙስታ ፖ ካዮ።»

«ናናይ?» አለች ማሪሴል። እማዬ ማለቷ ነው። ከዚያ አለቀሰች።

ለምን አለቀሰች? እናትየዋ አልጠየቀችም። እናትዎ ደህና ናቸው? አባትዎስ? ልጆችዎስ? ሉባባ ያስተማረቻትን ሰላምታ ሁሉ፣ እኛ አገር እንደሚደረገው አንዱንም ሳታስቀር፣ በአንቱታ፣ በፖ ጠየቀች። ማሪሴል «ናናይ፣ እቴነሽ...» ብላ ትጀምራለች። እናትየዋ «ሳላማት ፖ፣ ሳላማት ፖ» እያለች፣ እያመሰገነች፣ ታቋርጣታለች። ምን ተደርጎላት ነው የምታመሰግነው?

በስልኩ ውስጥ የዚያ ቤት እመቤት ጩኸት ተሰማ። ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያ ቁጥር አይጠራም።

ሉባባ መጥታ የሆነውን ስትሰማ «ለምን አልጠየቋትም፣ እትዬ?» አለቻት።

«ሰላምታ ሳይጨርሱ እንዴት ይጠየቃል?»



ወገኖቼ፣ ሰው መርዶ እንዳይደብቃት ቋንቋ የተማረች እናት፣ መርዶውን ከራሷ ደበቀች። መርዶ ይሁን አይሁን እንኳ አላወቀችም። ቁጥሩ ኋላ ጠራ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልጠራም።

እኛስ? ልጃችን ፊቱ ጠቁሮ ሲገባ «በላህ ወይ» እንላለን፤ የሆነውን አንጠይቅም። ባላችን ሲያስል «ብርድ ነው» እንላለን። በጸሎታችንስ? ቅዱስ ነህ፣ ክቡር ነህ እያልን እናከብረዋለን፤ ሊመልስልን ሲል አሜን ብለን እንነሳለን። ይህ አክብሮት ነው? ፍርሃት ነው እንጂ።

ቤታችሁ ያለው ሰው የሚናገረው በእናንተው ቋንቋ ነው። ዛሬ ስትገቡ የፈራችሁትን ጠይቁት። መልሱ ደግ ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ክፉ ሊሆን ይችላል። ጠይቁት፣ ከዚያም ዝም ብላችሁ ስሙት።