እመት ኤሊና «ገልብጪው» ያላት ወንዝ

ተረት መጣ፣ ከደጅ ቆመ፤ ጆሮ ያለው ያስገባው።

በድሮ ጊዜ እመት ኤሊ የምትባል እናት ነበረች። ኩሬዋ ደረቀባትና ሦስት ልጆቿን በጀርባዋ አዝላ በማለዳ ወንዝ ፍለጋ ወጣች። ሣሩ ከራሷ በላይ ነው፤ ምንም አይታያትም። የወንዙም ድምፅ ከገደል ገደል እየተላተመ በአራቱም በኩል ይሰማል። ፀሐይ አናት ላይ ከደረሰች ልጆቿ አይተርፉም።

«አያ ወንዝ፣ አጭሩ መንገድ በየት ነው?» አለች።

ወንዙ አዘነላት። «እኔ ሁለት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ስሄድ አንድ ወደ ሰሜን እላለሁ። አካሄዴን ገልብጪውና መስቀለኛ ነይብኝ፤ ከዚያ የሚያጥር የለም» አላት።

ገልብጪው ሲላት አንገቷን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። አትሳቁባት፤ ለኤሊ መገልበጥ ሞት ነው፤ በጀርባዋ ከወደቀች ማን ያነሳታል? «ግልባጭ ማለቱ ነው፤ ቅጂው ማለቱ ይሆናል» ብላ ራሷን አጽናናች። ሁለት ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ወደ ሰሜን፤ ሁለት ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ወደ ሰሜን። ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። ድምፁ አልራቀ፣ አልቀረበ።

«እማ፣ ውሃ» አሉ ልጆቹ።

«እመት ኤሊ፣ እንዲህ ጎን ለጎን ከሄድን ለዘላለም አንገናኝም» አለ ወንዙ። «የምሥራቁን ቁጥር ለሰሜን፣ የሰሜኑን ለምሥራቅ ስጪ።»

አንድ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለት ወደ ሰሜን። ሄደች፣ ሄደች። አሁንስ ድምፁ ጭራሽ ራቀ። ልጆቹም «እማ» ማለት ተዉ፤ ይኼኔ ነው የፈራችው።

«ቁጥሩን ገለበጥሽ፣ አቅጣጫውን ግን አልደፈርሽም» አለ ወንዙ ከሩቅ። «ሰሜኑን ደቡብ አድርጊው።»

«ወይኔ ልጆቼ! ቤቴ ተመልሼ እንደገና ልጀምር?»

«ኧረ ተይ፣ አይደርሱልሽም። አካሄዱን ከእኔ ውሰጂ፣ መነሻውን ከቆምሽበት።»

እመት ኤሊ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን አዞረች። አንድ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለት ወደ ደቡብ፤ አንድ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለት ወደ ደቡብ። ሣሩ ረጠበ፤ ጭቃው ቀዘቀዘ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወንዙ ላይ መስቀለኛ መጣችበት። ልጆቿ ከጀርባዋ ተንሸራተው ውሃው ውስጥ ገቡ። አንዱ ጠጣ፣ ሁለተኛው ጠጣ፤ ትንሹ ቆይቶ ቆይቶ አንገቱን አወጣ።

እመት ኤሊ እያለቀሰች ሳቀች። «ለካ የሚገለበጠው መንገዴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለች።

ተረቴን ለእናንተ፣ ድካሙን ለኤሊ። የወንዝን አካሄድ የቀዳ፣ ውሃ ሳይቀዳ ይቀራል።